ሞተርሆምን ካምፕ ላይ ውሃ ልኩን ጠብቆ ማቆምና ስላይድ ማውጣት

ሞተርሆም ውስጥ፣ ማለትም መኖሪያ ቤት በተሠራበት መኪና ውስጥ፣ ያደርንባትን የመጀመሪያዋን ሌሊት አልረሳትም። የመታጠቢያ ቤቱ በር በራሱ ጊዜ እየተከፈተ ግድግዳውን ሲደበድብ አደረ። ተነስቼ ዘጋሁት። ጋደም ከማለቴ ተከፈተ። በጫማ ደገፍኩት፤ ጫማውን ገፍቶት ወጣ። ሊነጋ ሲል ጭንቅላቴ ከብዶኝ ነቃሁ። ለካ ራስጌያችን ከግርጌያችን ዝቅ ብሎ ኖሯል። ማታ ስንደርስ "ሜዳ እኮ ነው፣ ምን ያስፈልገዋል" ብዬ ነበር እንደቆመ የተውኩት።

ሜዳ የሚመስል ቦታ ሁሉ ሜዳ አይደለም። ዓይን ይሸወዳል። በተለይ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለ ዓይን።

የእንቅልፉ ነገር ይቅር እንበል። ከባዱ ጣጣ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ሞተርሆም ውስጥ ያለው ፍሪጅ ቤት ውስጥ እንደምናውቀው በኮምፕረሰር የሚሠራ አይደለም። በጋዝ ነበልባል ወይም በኤሌክትሪክ ሙቀት ነው የሚቀዘቅዘው። ቱቦዎቹ ውስጥ አሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጅን አለ። ፈሳሹን የሚገፋ ፓምፕ የለም፤ ወደ ታች የሚመለሰው በራሱ ክብደት ነው። መኪናው ካዘነበለ ፈሳሹ አንድ ቦታ ይተኛል፣ ማሞቂያው ደግሞ ባዶውን ይቃጠላል። ይህ ለሰዓታት ከቀጠለ ፍሪጁ ዳግም ላይድን ይበላሻል። ብዙዎቹ ሞዴሎች የሚችሉት ወደ ጎን 3 ዲግሪ፣ በሌላው አቅጣጫ 6 ዲግሪ ገደማ ነው። የእናንተ ስንት እንደሚችል ከፍሪጁ ጋር የመጣው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ሲነዳስ? መኪናው እየተወዛወዘ ስለሚሄድ ፈሳሹ አንድ ቦታ አይተኛም፤ ችግሩ የሚመጣው አዘንብሎ ሲቆም ነው። በኮምፕረሰር የሚሠራ ፍሪጅ ያላችሁ ለዚህ እንኳን ብዙም አትጨነቁ።

ሁለተኛው ጣጣ ስላይዱ ነው። ቆመን ስናድር ከግድግዳው እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ የሚወጣውን ክፍል ማለቴ ነው። የተጣመመ ቁምሳጥን ላይ መሳቢያ ስባችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ጎን ይቀድማል፣ ሌላው ይነክሳል፣ ከዚያ በጉልበት። ስላይድም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ መሳቢያው ውስጥ ሶፋ፣ ቁምሳጥን፣ አንዳንዴም ምድጃ መኖሩ ነው።

ከመቆማችሁ በፊት ውረዱ

ቦታው ጋ ስትደርሱ ወዲያው አትግቡ። መኪናውን መንገድ በማይዘጋ ቦታ አቁማችሁ በእግራችሁ ዙሩት። መጀመሪያ ወደ ላይ እዩ፤ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ካለ ጣሪያውን ይቧጭራል፣ ስላይዱን ከላይ የሚሸፍነውን ጨርቅም ይቀድዳል። ቀጥሎ ወደ ጎን፤ ግንድ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ከመሬት ጋር የተቸነከረ ጠረጴዛ። በመጨረሻ ወደ ታች፤ ለስላሳ አፈር፣ ጉድጓድ፣ ሹል ድንጋይ።

ስላይዱ የት ድረስ እንደሚወጣ በግምት አትሥሩ። የኛ 90 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። መጥረጊያው እንጨት ላይ 90 ሴንቲውን ለክቼ ቀይ ፕላስተር ጠቅልዬበታለሁ። መኪናው ቦታው ላይ እንደቆመ ፕላስተሩን ከግድግዳው ጋር አስተካክዬ እንጨቱን ወደ ውጭ እዘረጋለሁ። ጫፉ የሆነ ነገር ከነካ ስላይዱም ይነካል። ከዚያ ላይ ሌላ ግማሽ ሜትር ትርፍ ቢኖር ይመረጣል፤ ሰው በዚያ በኩል ማለፍ አለበት። ስላይዱ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚልም እዩ። ዝቅ ያለ ጉቶ ከሥሩ ሊያልፍ ይችላል። መኪናው ከሥሩ ባሉት ማስተካከያ ክሪኮች ሲስተካከል ያ ጎን ዝቅ ቢልስ? ያኔ አያልፍም።

ስንት ሴንቲ ነው የጎደለው?

ውሃ ልክ ያስፈልጋችኋል። ግንበኛ የሚይዘው፣ አረፋ ያለው፣ 60 ሴንቲ የሚሆን ይበቃል። ወለሉ ላይ፣ ፍሪጁ አጠገብ አስቀምጡት። አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ። ፍሪጁ ውስጥ፣ የበረዶ ቤቱ ወለል ላይ ትንሽ ውሃ ልክ የሚያስቀምጡም አሉ። ልክ ናቸው፤ ውሃ ልኩ የሚፈለገው ለፍሪጁ ነዋ።

ብዙ ሰው አረፋውን አይቶ "ትንሽ ወደ ግራ ነው" ይላል። ትንሽ ስንት ነው? እንዲህ አስሉት። የውሃ ልኩን ዝቅ ያለ ጫፍ አረፋው መሀል እስኪገባ በጣታችሁ አንሱት። ከሥሩ የተፈጠረውን ክፍተት ለኩ። 1 ሴንቲ ነው እንበል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከሆነ፣ 200ን ለ60 ስታካፍሉት 3.3 ይመጣል። ስለዚህ ዝቅ ያለው ጎን 3.3 ሴንቲ መነሳት አለበት። ከፊት ወደ ኋላ ከሆነና በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 6 ሜትር ካለ፣ ያው 1 ሴንቲ ክፍተት 10 ሴንቲ ማንሳት ይጠይቃል። ልዩነቱን አያችሁት? በረጅሙ አቅጣጫ የምትታይ ትንሽ ዘንበል ማለት ብዙ ጣውላ ትበላለች። ለዚህ ነው ቦታ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት የፊትና የኋላውን ነገር ማየት ያለባችሁ። አንዳንዴ መኪናውን ግማሽ ሜትር ወደፊት ማስጠጋት ብቻ ሥራውን ሁሉ ያቀለዋል።

በስልክ ዲግሪ ለምታነቡ፦ 2 ሜትር ላይ 1 ዲግሪ 3.5 ሴንቲ ያህል ነው፤ 6 ሜትር ላይ ደግሞ 10.5 ሴንቲ።

ክሪክ ለሌለው መኪና

ትንንሾቹ ሞተርሆሞች ማስተካከያ ክሪክ የላቸውም። እነሱ የሚስተካከሉት ጎማ ሥር በሚገባ ጣውላ ወይም ደረጃ ባለው የፕላስቲክ መወጣጫ ነው። ዝቅ ያለው ጎን ጎማ ፊት መወጣጫውን አስቀምጡ። አንድ ሰው ሹፌሩ በመስታወት የሚያየው ቦታ ላይ ይቁም። ከፊት ወይም ከኋላ አይቁም፤ መወጣጫ አንዳንዴ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ሹፌሩ በቀስታ ይውጣ። ልኩ ላይ ሲደርስ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ማርሹን ፓርኪንግ ላይ፤ ማኑዋል ከሆነ አንደኛ ማርሽ ላይ ይተዉት።

ከዚያ ታኮ። ቁልቁለቱ በየትኛው በኩል እንደሆነ አይታችሁ፣ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች ሥር አጥብቃችሁ አስገቡ። ድንጋይ አይሆንም አልልም፣ ግን የሚንሸራተት ድንጋይ አይቻለሁ።

መንታ የኋላ ጎማ ያላቸው አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጣውላው ሁለቱንም ጎማ እኩል መሸከም አለበት። አንዱ ጎማ ላይ ብቻ ጣውላ አድርጎ ሌላውን አየር ላይ ማንጠልጠል የሁለቱን ሸክም አንዱ ላይ መጫን ነው። ጎማው ከጣውላው ጫፍ ተርፎ መንጠልጠልም የለበትም፤ ውስጡን ይጎዳዋል።

ክሪክ ላለው

እዚህ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ክሪኩ መኪና ማንሻ ስለሚመስለው ነው። ጎማ ስትቀይሩ የምትጠቀሙበት ክሪክ መኪና ያነሳል። ይህኛው ያስተካክላል፣ ያደላድላል። ጎማዎቹ መሬት እንደረገጡ መቅረት አለባቸው። በተለይ የኋላዎቹ። አብዛኛው ሞተርሆም ላይ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። እነሱ አየር ላይ ከተንጠለጠሉ መኪናውን ቁልቁለት ላይ የያዘው ፍሬን ሳይሆን አራት ቀጫጭን የብረት እግር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አያምርም።

አካሄዱ ይህ ነው፦

1. የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ፓርኪንግ ላይ ወይም ዜሮ ላይ አድርጉ። የትኛው እንደሆነ የመኪናው መጽሐፍ ይነግራችኋል። ታኮ አስገቡ።

2. ሞተሩን አስነሱ ወይም መኪናውን ከካምፑ መብራት ጋር አገናኙ። ክሪክ ባትሪ ይበላል።

3. የአየር ባሎን (በሞላ ፋንታ መኪናውን የሚሸከም) ያለው መኪና ከሆነ አየሩን አውጡ። መኪናው ዝቅ ይላል፤ ክሪኩም ብዙ ርቀት መውረድ አይጠበቅበትም።

4. ክሪኮቹ የሚያርፉበት ቦታ ላይ ጣውላ አስቀምጡ። 30 በ30 ሴንቲ፣ ወፈር ያለ። እርጥብ አፈር ላይ ክሪክ እንደ ሚስማር ይሰምጣል። ፀሐይ ያቀለጠው አስፋልትም ያው ነው፤ ጠዋት ስትነሱ አራት ጉድጓድ ትታችሁለት ትሄዳላችሁ። ጣውላው ላይ ገመድ አስሩበት፤ ነገ ጎትታችሁ ታወጡታላችሁ፣ ከመኪና ሥር መግባት አይኖርባችሁም።

5. ክሪኮቹን በጥንድ በጥንድ አውርዱ። ዝቅ ካለው በኩል ጀምሩ። አረፋው መሀል ሲገባ ያኛውን አቅጣጫ አስከትሉ። የቀሩትን ደግሞ መሬት ነክተው ትንሽ እስኪጠብቁ ብቻ።

በጥንድ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ማዕዘን ብቻውን ሲገፋ ሻንሲው ይጠማዘዛል። ጨርቅ ስትጨምቁ እንደሚሆነው ማለት ነው። ምልክቱን ቶሎ ታዩታላችሁ፤ የመግቢያው በር ይከብዳል፣ የቁምሳጥን መዝጊያ አልገጥም ይላል። ብዙ ከተጠማዘዘ የፊት መስታወቱ ይሰነጠቃል። በር ከከበዳችሁ ክሪኩን ሁሉ ሰብስባችሁ እንደገና ጀምሩ። በሩን በትከሻ እየገፉ ማደር አያዋጣም።

ኋላው በጣም ዝቅ ያለ ከሆነና ክሪኩ ጎማውን ከመሬት ካላነሳ የማይደርስ ከመሰላችሁ፣ አቁሙ። ክሪኩን ሰብስቡ። የኋላ ጎማዎችን ሰፊ ጣውላ ላይ አውጧቸውና ከዚያ ክሪኩን ተጠቀሙ። ያም ካልበቃ ቦታ ቀይሩ። መሬቱን ለማሸነፍ መታገል አያስፈልግም።

በአንድ ቁልፍ ራሱን የሚያስተካክል ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሥራው ላይ እያለ ግን ውስጥ አትንጎራደዱ፤ ልጆችም ቁጭ ይበሉ። ሲጨርስ "ጨርሻለሁ" ቢላችሁም ውሃ ልኩን አውጥታችሁ እዩት። የኛ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ያውቃል፤ እኔ ደግሞ አምኜው አድሬአለሁ።

አንዳንድ መኪና ማዕዘኖቹ ላይ ቀጫጭን መደገፊያ እግሮች አሉት። እነሱ መኪናው ውስጥ ሰው ሲራመድ እንዳይወዛወዝ የሚይዙ ናቸው። ሸክም አትስጧቸው። በክሪክም ይሁን በመደገፊያ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ደግሞ በምንም ምክንያት አትግቡ። ጫማ ቢገባ እንኳን በመጥረጊያው አውጡት።

አሁን ስላይዱ

አብዛኛው አምራች መጀመሪያ መኪናው ይስተካከል፣ ከዚያ ስላይዱ ይውጣ ይላል። ተቃራኒውን የሚሉም አሉ። የእናንተ መጽሐፍ የሚለውን ያዙ፤ የኔን አይደለም። የጎረቤታችሁንም አይደለም። የካምፕ ጎረቤት ምክር አያልቅበትም።

የስላይዱን ማዘዣ ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት ውስጡን እዩ። የሹፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ተለጥጦ ከሆነ ስላይዱ ሲያልፍ ሊገጨው ይችላል፤ ወደ ፊት አምጡት። መሳቢያና ቁምሳጥን ይዘጋ። ወለሉን ጥረጉ፤ አንዲት ጠጠር ስላይዱ ሥር ገብታ ወለሉ ላይ ረጅም ጭረት ትታ ትሄዳለች። በጉዞ ጊዜ ስላይዱን የሚይዝ መቆለፊያ ወይም የብረት ዘንግ ካለ አውጡት። ይህን የረሳ ሰው የስላይዱን ሞተር ወይም ግድግዳውን ይሰብራል፤ ሁለቱም ውድ ናቸው። ውሻ ወይም ድመት ካላችሁ የት እንዳለች እዩ። ድመት ሥሩ መግባት ትወዳለች።

አንድ መስኮት ወይም የጣሪያውን መተንፈሻ ክፈቱ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ስላይድ ሲወጣ የቤቱ ስፋት ይጨምራል፣ አየር ደግሞ ከየት ይምጣ? በሩና መስኮቱ ድርግም ብሎ ከተዘጋ አየሩ በስላይዱ ዙሪያ ክፍተቱን በሚዘጋው ላስቲክ ጎማ በኩል እየተሳበ ይገባል። ጎማውም አብሮ ይታጠፋል።

አሁን አንድ ሰው ውጭ ይቁም። ስላይዱ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ሁለቱንም ጫፍ በሚያይበት። "አቁም" የሚለው ቃል አንድ ብቻ ይሁን። እኔና ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ እሷ "ቆይ!" ስትል እኔ "ቀጥል" ማለቷ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። አሁን ግድግዳውን በእጇ ሁለቴ ትመታዋለች። ይሰማል።

ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙት። መንገድ ላይ አትልቀቁት፣ ምክንያት ከሌለ ወደ ኋላም አትመልሱት። ጆሯችሁን ስጡት። ጤነኛ ስላይድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያለው። ድምፁ ከከበደ፣ ሲጢጥ ካለ፣ ወይም ውጭ ያለው ሰው አንዱ ጫፍ ቀደመ ካለ ልቀቁት። ዳር ሲደርስም ወዲያው አትልቀቁ። ግድግዳው ውስጥ በተቀበሩ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች የሚሠሩት ስላይዶች በተለይ፣ ሁለቱም ሞተር በራሱ እስኪቆም ድረስ ቁልፉ መያዝ አለበት። እንደዚያ ነው እርስ በርስ የሚስተካከሉት። እየቸኮላችሁ በለቀቃችሁ ቁጥር አንዱ ሞተር ከሌላው ትንሽ ይቀራል፤ ከአሥር ካምፕ በኋላ ስላይዱ ተጣሞ ይቀረቀራል።

ከወጣ በኋላ ውጭ ዞራችሁ በዙሪያው ያለውን ጎማ እዩ። ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ ስላይዱን ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ወደ ውስጥ የታጠፈ ቦታ ካለ በጣት አውጡት። ዝናብ የሚገባው በዚያች ቦታ ነው።

እምቢ ሲል

ቁልፉን ተጫናችሁ፣ ምንም የለም። ከመደናገጣችሁ በፊት ባትሪውን ለኩ። ሥራ ላይ ሳይሆን ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 12.6 አካባቢ ያሳያል። 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ስላይዱ አይደለም የታመመው፤ ባትሪው ነው። ሞተር አስነሱና እንደገና ሞክሩ። ቀጥሎ ፊውዝ። ቀጥሎ የእጅ ፍሬን፤ ብዙ መኪና ላይ ፍሬን ካልተያዘ ስላይዱ አይታዘዝም። የመኪናው ቁልፍ የትኛው ቦታ ላይ መሆን እንዳለበትም ከመኪና መኪና ይለያያል።

በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ የዘይቱን መጠን እዩ። ልኩ የሚነበበው ግን ክሪኩም ስላይዱም ሙሉ በሙሉ ሲሰበሰብ ነው። ስላይዱ ወጥቶ እያለ ዘይት ከሞላችሁ፣ ሲሰበሰብ ተርፎ ይፈሳል።

ሁሉም ካልሆነ በእጅ ማስገቢያ አለው። አንዱ ላይ እንደ ማንሻ የሚሽከረከር እጀታ ነው፣ ሌላው ላይ በትራፓኖ የሚዞር ቡሎን፣ የዘይቱ ላይ ደግሞ የሚከፈት ቫልቭ። የናንተ የት እንዳለ ዛሬ፣ ግቢ ውስጥ፣ በብርሃን ፈልጉት። አልጋው ሥር ሊሆን ይችላል፤ አልጋው ደግሞ ስላይዱ ላይ ሊሆን ይችላል።

ስላይዱ የሚሄድበትን ጥርስና ሐዲድ ነገር በአጭሩ፦ ግሪስ አትቀቡ። አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል። የሚደርቅ ማለስለሻ ርጩበት፣ አምራቹ ከፈቀደ። ዙሪያውን ያለውን ጎማ በሳሙናና ውሃ እጠቡ፤ ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነካው ጨርቅ አይድረስበት።

ስትነሱ

መጀመሪያ ስላይዱ ይገባል፣ ክሪኩ በኋላ ይሰበሰባል። መኪናው ገና ውሃ ልኩን ጠብቆ ሳለ ነው ስላይዱ ያለ ችግር የሚገባው። መጽሐፋችሁ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ።

ስላይዱን ከማስገባታችሁ በፊት መሰላል አውጥታችሁ ጣሪያውን እዩ። ቅጠል፣ ጭራሮ፣ ውሃ፣ በብርድ ቦታ በረዶ። ጨርቅ ከለላ ካለው ውሃው መሀል ላይ እንደ ድስት ይጠራቀማል። ያ ባለ ቀይ ፕላስተር መጥረጊያ እዚህም ይሠራል። እንዳለ ካስገባችሁት ውሃው ሶፋችሁ ላይ ነው የሚፈሰው። መስኮቱን አሁንም ክፈቱ፤ አየር መውጫ ይፈልጋል። ሲገባ ደግሞ ሰው አይኑርበት፣ ጠረጴዛው ላይም ብርጭቆ አይኑር። የጉዞ መቆለፊያውን መልሱ።

ከዚያ ክሪኩን ሰብስቡና ዙራችሁ በዓይናችሁ እዩ። የክሪኩ ማስጠንቀቂያ መብራት ጠፍቷል ማለት ክሪኩ ገብቷል ማለት ላይሆን ይችላል። አንድ ሴንቲ እንኳን የቀረ ክሪክ መንገድ ላይ ጉብታ ሲያገኝ ይታጠፋል። የአየር ባሎን ያለው መኪና አየሩ እስኪሞላ ይጠብቅ። ጣውላውን በገመዱ ጎትቱ፣ ታኮውን በመጨረሻ አውጡ።

አሥር ሜትር ያህል ወደፊት ነድታችሁ አቁሙ። ውረዱና የነበራችሁበትን ቦታ እዩ። መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ ካለ ከክሪኩ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ጣውላ፣ የውሃ ጎማ፣ የረሳችሁት ታኮ ካለ አንሱ። እኔ በዚህ ዓይነት ሁለት ታኮ አግኝቻለሁ። አንዱም የኔ አይደለም።